ጋሽ ራዳር ያልሰማው ፉጨት

ጋሽ ራዳር ጆሮ ያለው ሰው ነበር። ጆሮማ ማን የለውም ትሉኝ ይሆናል። የእናንተና የእኔ ጆሮ የመነጽር ማንጠልጠያ ነው፤ የእሱ ግን ጉንዳን ስታስነጥስ ሰምቶ ጉንፋኗ አዲስ ይሁን የሰነበተ ለይቶ ይናገር ነበር። ሥራው መካኒክነት ነው። ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ቱታው ከዘይት ብዛት ያለ ሰው ብቻውን መቆም የሚችል፣ ከእሱ በላይ አዋቂ አለ ቢሉት የማያምን ሽማግሌ። መኪና ገና ከመታጠፊያው ብቅ ሳትል፣ «ካንዴላዋ ደክሟል፤ ባለቤቷም ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ነው የወጣው» ይላል። ሁለተኛውን ያጣራ ሰው የለም። በመጀመሪያው ግን ስቶ አያውቅም።

ሌሎች መካኒኮች ኮፈን ከፍተው ያያሉ፣ ይነካካሉ፣ ይፈታሉ። ጋሽ ራዳር ማየትን እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። ክንድ የሚያህል ካቻቢቴ አለው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ያለው አጥንት ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ጋራዡ ጸጥ ይላል፤ ዝንቦች ሳይቀሩ ክንፋቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ፍርዱን ይሰጣል፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ጆሮው ለእሱ መተዳደሪያውም ክብሩም ነበር። ጆሮውን ብትወስዱበት ጋሽ ራዳር የሚባል ሰው አይኖርም፤ የሚተርፈው ዘይት የጠገበ ቱታ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ አንድ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ከላይ ወድቆ ቅልጥሙን ላጠው። መጀመሪያ ሲያወራው ማርሚታው የታክሲ ነበር፤ ውሎ አድሮ የአውቶቡስ ሆነ፤ ከዚያ የመርከብ። ቁስሉ አመረቀዘና ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ ጀንታማይሲን የሚባል ብርቱ የጀርም ማጥፊያ በመርፌ አዘዘለትና፣ «ሲጨርሱ ተመልሰው ይምጡ፤ ቁስሉንም ደምዎንም አያለሁ» አለው። መርፌው ደህና አድርጎ ረዳው። ቁስሉ ቀለለ፣ እብጠቱ ተነፈሰ፤ አፉ ግን አልገጠመም።

ጋሽ ራዳር አልተመለሰም። ይህን በተመለከተ የራሱ ፍልስፍና ነበረው። «ሞተር ዘይት ሲጎድልበት ይጨመርለታል እንጂ ወደ ፋብሪካው አይመለስም» ብሎ፣ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ወደሚጋራው ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ። ይህ ጎረቤት ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው፤ ሰፈርተኛው ጋሽ መርፌ ይለዋል። እጁ ከመቅለሉ የተነሳ፣ የተወጋው ሰው አመስግኖ፣ ተሰናብቶ፣ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው «ኧረ ተወግቻለሁ» የሚለው። ጋሽ ራዳር ያንኑ መድኃኒት በአሮጌው ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ፣ ከምሳ በኋላ መወጋቱን እንደ ሻይ ለመደው። የሐኪሙ ትእዛዝ ካበቃ ሰንብቶ ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ መርፌ የተሞላውን መርፌ በብረት ሳህን ላይ አድርጎ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሶ፣ ጋራዡ በር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጋሽ ራዳርም እጁን በቡትቶ እየጠረገ ወደ እሱ ሊመጣ ሲል፣ አንዲት ነጭ የዕቃ መኪና እየተንገዳገደች ደርሳ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ከኮፈኗ ሥር የሚወጣው እንፋሎት ሰማዩን ለማዳመን ምንም አልቀረውም። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት ወርዳ፣ ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ ኋላ በር ሮጠች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከመኪናው በፊት ጥላ ነበር የምፈልገው።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ጋራዥ ነው፤ መናፈሻው ወዲያ ማዶ ነው።»

«ለእኔ አይደለም። የጫንኳቸው ሙቀት አይችሉም።»

ሁለት ሰፋፊ የሽቦ ጎጆዎች አውርዳ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ መፍቻዎች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በየጎጆው ውስጥ ነጭና ቡናማ የተቀላቀለባቸው፣ ድብልብል ያሉ፣ ዓይናቸው እንደ ቁልፍ የሚያበራ እንስሳት ቅጠል ያላምጣሉ። አንደኛው ጎጆ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል፤ ሌላው ላይ ምንም የለም። የጋሽ ራዳር ባለቤት ከጋራዡ ፊት ካለችው የመለዋወጫ ሱቋ ብቅ ብላ አንገቷን አሰገገች።

«አይጥ ናቸው ጥንቸል?»

«ጊኒ ፒግ ይባላሉ፣ እትዬ። ከአይጥ ጋር ዝምድና አላቸው።»

«ጅራታቸውስ?»

«የላቸውም።»

«ተመስገን። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነበር» ብላ ቀረብ አለች።

ሞተሩ እስኪበርድ ሥራ የለም። የማወቅ ጉጉት ደግሞ ከረሃብ ይብሳል፤ ጋሽ ራዳር እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎጆዎቹን ዞሮ አያቸው።

«ለመሆኑ እነዚህ የተከበሩ እንግዶች ወዴት እየሄዱ ነው?»

«ወደ ምርምር ክፍላችን፣ ጋሼ። እኔ የማጠናው ጆሮ ነው።»

«ጆሮ ካልሽ ዋናው መሥሪያ ቤት ደርሰሻል» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እነዚህን አሳዛኝ ፍጥረቶች ከምታስቸግሩ እኔን ብትጠይቁኝ በቀጥታ እነግራችሁ ነበር።»

ተመራማሪዋ ፈገግ አለች። ሰው ሲፎክር መሳቅ ብቻ ሳይሆን ማዳመጥም የምትችል ልጅ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚወለደው። «ነገሩ እንዲህ ነው» አለች። «አንዳንድ ብርቱ የጀርም ማጥፊያ መድኃኒቶች ከደም ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባሉ። እዚያ ድምፅ የሚቀበሉ፣ ጸጉር መሳይ ነገር ያላቸው ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። መድኃኒቱ እነሱን ይገድላል። በሰውም በእነዚህም እንስሳት አንዴ የሞተ ተመልሶ አይበቅልም። እኛ ለጥቂቶቹ መድኃኒቱን ብቻ እንሰጣቸዋለን፤ ለሌሎቹ ጆሮ ይጠብቃል ብለን የምንገምተውን ነገር አብረን እንሰጣለን። እነዚህ የሚሰጣቸውን ወስደው ጨርሰዋል፤ አሁን የማን ጆሮ እንደተረፈ ልንለካ ነው የምወስዳቸው።»

ጋሽ መርፌ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «መድኃኒቱ ማን ይባላል?» ሲል ጠየቀ።

«ጀንታማይሲንና ዘመዶቹ።»

የጋራዡ ሰው ሁሉ፣ ማለትም ሦስቱ፣ ነጭ ጨርቅ ወደለበሰው ሳህን ዞሩ። ልጅቷም ዓይናቸውን ተከትላ አየችው።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው» አለ ጋሽ ራዳር። «ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ባይኖር ኖሮ እስከ ወገቤ ሊቆርጡኝ ነበር።»

«እስከ ጉልበትህ እንኳ ያለህ የለም» አለች ባለቤቱ።

«ሐኪሙ አፍሮ ነው እንጂ በሆዱ እስከ ወገቤ ነበር ያሰበው።»

ልጅቷ የእግሩን ነገር፣ የሐኪሙን ቃልና ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቀችው። እሱም ማርሚታውን ወደ መርከብ ከፍ አድርጎ፣ የቀረውን ግን ሳያዛባ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ቅጭም አለ፤ ንግግሯ ግን አክብሮቱን አልቀነሰም።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን አልወቅሰውም። ሕይወት ያተርፋል፤ ሐኪሙም ያዘዘልዎት ደግ አድርጎ ነው። ልጠይቅዎትና፣ እሱ ያዘዘው ካለቀ በኋላ ይቀጥሉ ያለዎት ማን ነው?»

«ቁስሉ ራሱ። አልዘጋም አለኛ።»

«ቁስል መድኃኒት አያዝም።»

«አንቺ ሞተር አታውቂም፣ ልጄ። ዘይት ሲጎድል ይጨመራል።»

«ልክ ነዎት፣ አላውቅም። እስቲ ያስተምሩኝ፤ ዘይት ከመጠኑ በላይ ሲጨመርስ?»

መካኒክን ስለ ሞተር መጠየቅ ቧንቧ መክፈት ነው። «ከመጠኑ ካለፈማ ሞተሯን ያፍናታል። በየስፌቱ እየጣሰ ይወጣል፤ ጭሷ ሰፈር ያጠፋል፤ ዋናው ዕቃዋ ድረስ …» ብሎ የት ሊደርስ እንደሆነ ሲገባው ምላሱን ነከሰ። ባለቤቱ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ጋሽ መርፌ ወዳጁ ሲሸነፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። «የኔ እመቤት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔም በሙያው አርጅቻለሁ። ይህ መድኃኒት በኩላሊት በኩል ታጥቦ ይወጣል። የዛሬው ገብቶ የትናንቱ ከወጣ ምን ይከማቻል?»

«ከደም መውጣቱ እውነት ነው፣ ጋሼ። ከውስጠኛው ጆሮ ግን ቶሎ አይወጣም፤ እዚያ ይቀመጣል። ኩላሊት ደክሞ ከሆነ ደግሞ ከደምም ይዘገያል። ሐኪሙ ‹ደምዎን አያለሁ› ያለው ለዚህ ይመስለኛል።»

ጋሽ መርፌ መልስ ፍለጋ ጣራውን አየ። ጣራው ላይ ቆርቆሮ እንጂ መልስ አልነበረም።

«ሁሉም ይቅር» አለ ጋሽ ራዳር። «እሺ፣ ይጎዳል እንበል። የእኔ ጆሮ ቢጎዳ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው የሚያውቁት። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። የሰው ንግግር፣ የሞተር ጉምጉምታ፣ የበር ድምፅ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይሰማዎታል። አንድ ነገር እንደጎደለ በምን ያውቃሉ? ከዚያ ጉዳቱ እየወረደ እየወረደ ሄዶ የሰው ንግግር ላይ ሲደርስ ነው ሰው ‹ምን አልክ?› ማለት የሚጀምረው። ያኔ ደግሞ መመለሻ የለውም።»

ይህ ነገር ጋሽ ራዳርን ቆረቆረው። ክርክሩን በፊት ለፊት ማሸነፍ ሲያቅተው በጎን በር ገባ።

«እና ለእኔ ጆሮ ብላችሁ የእነዚህን ታደነቁራላችሁ? ይህስ ግፍ አይደለም?»

ልጅቷ አንዱን እንስሳ በሽቦው መሐል በጣቷ አከከችው። «ይከብደኛል፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ያለ በቂ ምክንያት አንድም አንነካም፤ እንዳያማቸውም እንጠነቀቃለን። ግን መጀመሪያ በእነሱ ካልተጠና በማን ይጠና? እንዲያው ለነገሩ በሰው ላይ አሁንም እየተሞከረ ነው። እርስዎ ላይ እየተሞከረ ነው፣ ጋሼ። ልዩነቱ፣ እነዚህ ጆሯቸውን የሚለካላቸው ሰው አላቸው። የእርስዎን ማን ለካው?»

እንዲህ ያለ ንግግር ሌላ ሰው ቢናገረው ጋሽ ራዳር መፍቻ ይወረውር ነበር። ልጅቷ ግን ዝግ ብላ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረችው መወርወሪያ ቦታ አጣ።

«ልለካልሽ» አለ። «ሞተሯ በርዳለች። ነይ አስነሺያት፤ ጆሮ ማለት ምን እንደሆነ ለጓደኞችሽ ትነግሪያለሽ። አንተም ጋሽ መርፌ፣ መርፌህን እንደያዝክ ጠብቀኝ። ይህን አሳይቼ እወጋለሁ።»

ራዲያተሩን ውሃ ሞላው። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ወጥታ ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ራዳር ካቻቢቴውን መዘዘ፤ ጫፉን አሳርፎ፣ እጀታውን ከጆሮው ሥር ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ነዳጅ ስጫት» አለ። ሰጠች። «ልቀቂ። እንደገና።» እንደገና ሰጠች። ፊቱ ላይ የተኛ ሕፃን ሰላም ነበረበት።

«ንጹሕ ናት» አለ ዓይኑን ገልጦ። «ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲህ ጤነኛ አልነበረችም። ውሃ ነው የጠማት፤ ጠጥታለች። መንገድሽን ቀጥይ።»

ማንም አላጨበጨበም። ባለቤቱ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ፊቷን አጨማዳለች። ጋሽ መርፌ ጥርሱን ነክሶ አንገቱን ያካል። ልጅቷ እግሯን ነዳጁ ላይ እንደረሳችው መሪውን ይዛ ታየዋለች። ጋሽ ራዳር የሚያደንቀው ሲያጣ ዓይኑን ወደ ጎጆዎቹ መለሰ።

በሰማያዊ ጨርቁ ጎጆ ያሉት እንስሳት ጆሯቸውን ብድግ ያደርጉታል። ልጅቷ ነዳጁን ስትለቅ ይተኛል፤ ስትጫን ሁሉም እኩል፣ እንደታዘዘ ወታደር፣ ብድግ። በሌላኛው ጎጆ ያሉት ግን ቅጠላቸውን ያላምጣሉ፤ ጆሯቸው ንቅንቅ አይልም።

«እነዚህን ምን ነካቸው? ዝንብ የለ፤ ጆሯቸውን ምን ያስነሳዋል?»

ልጅቷ ሞተሩን አጠፋች። «ፉጨቱን ሰምተው ነው» አለች ቀስ ብላ።

«የምን ፉጨት?»

መጀመሪያ የተናገረችው ባለቤቱ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ እየቀለድክ ነው አይደል? ጥርሴን እስኪያሳክከኝ እያፏጨች እኮ ነበር።»

ጋሽ ራዳር ወደ ወዳጁ ዞረ። ጋሽ መርፌ ለወዳጁ ሲል በሐሰት ለመመስከር አፉን ከፍቶ ነበር፤ አልወጣለትም። «እኔ እንኳ ሰምቼዋለሁ» አለ።

«እንደገና አስነሺ።»

አሁን ካቻቢቴውን አጥንቱ እስኪያመው ድረስ ተጫነው። ጉምጉምታው አለ። የፒስተኖቹ ምት አለ። የውሃው ጉርጉርታ አለ። ሌላ ነገር የለም። ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ እንጂ ገልጦ የማያውቀው ሰው ዓይኑን ገለጠ፤ እንስሳቱ ጆሯቸውን ብድግ ሲያደርጉ አየ፤ ቀጥሎ ወደ ሞተሩ አየ። ቺንጋው ላልቶ እየተርገበገበ፣ እየተንሸራተተ ይዞራል። የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው እሱ ነው፤ ሲንሸራተት ሞተሩም ይግላል፣ እሱም ያፏጫል። ይህን የሚያይ ማንም ሰው በዓይኑ ያየዋል። ሞተሩን አስጠፋና በጣቱ ነካው፤ ቺንጋው እንደ ሽማግሌ ቀበቶ እጁ ላይ ተንጠለጠለ።

«ቺንጋ ነው» አለ።

ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያልቀው አንዱ ጮኾ አንዱ ሲደክመው ነው። ይህኛው ያለቀው በአንድ ቺንጋ ነው። ጋሽ ራዳር ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወደ ጎጆዎቹ ሄደ፤ ጨርቅ ካልታሰረበት ጎጆ ፊት በታመመ እግሩ ቁጢጥ አለ።

«እነዚህ ምን የወሰዱት ናቸው?»

«መድኃኒቱን ብቻ።»

«ጨርቅ ያላቸውስ?»

«መድኃኒቱንም ጠባቂውንም።»

ከእንስሳቱ አንዱ ቅጠሉን አቋርጦ ተመለከተው። ጋሽ ራዳርም ተመለከተው። «የኔ ወገኖች እነዚህ ናቸዋ» አለ።

ባለቤቱ መጥታ ትከሻውን ያዘችው። «ዕድሜ ሊሆን ይችላል» አለችው፤ እሷ ራሷ ማጽናኛ ፍለጋ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለች ተመራማሪዋ። «ዕድሜም የጋራዥ ጩኸትም ቀጭን ድምፅ ይወስዳሉ። ያለ ምርመራ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ከመርፌው በፊት እንዲህ ዓይነት ፉጨት ይሰማ ነበር?»

«ባለፈው ክረምት፣ ማርሚታው ሳይወድቅበት፣ የአውቶቡስ ዲናሞ ሲያፏጭ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ ሾፌሩን ያስቆመው እሱ ነው» አለች ባለቤቱ። «አሁን ስልኩ ጭኑ ላይ ሆኖ ሲጮህ የማነሳው እኔ ነኝ። ኩራት መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ራዳር ተነሳ። ሐዘን ሲመጣበት ወዲያው መላ የሚፈልግ ሰው ነው። «በቃ፣ ገብቶኛል። ያንን ጠባቂ ነገር ስጪኝና መርፌውን ከእሱ ጋር ልውሰድ። የሰማያዊ ጨርቅ ሰው አድርጊኝ።»

«አልችልም፣ ጋሼ።»

«ለአይጥ የሰጠሽውን ለእኔ ትነፍጊኛለሽ?»

«ለእነሱ የሠራ ለሰው ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ስንት መጠን ያድናል፣ ስንት መጠን ይጎዳል፣ አናውቅም። ደግሞ ጆሮውን ሲጠብቅ ጀርሙንም አብሮ ቢጠብቅብንስ? ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ ከዚያ በፈቃደኛ ሰዎች በጥንቃቄ ተሞክሮ ነው ሐኪም ቤት የሚደርሰው። ዛሬ ብሰጥዎት ጋሽ መርፌ የሚያደርጉትን መድገሜ ነው።»

ጋሽ መርፌ ይህን ሲሰማ ቀና አለ፤ ግን ስድብ እንዳልሆነ ገባው።

«ታዲያ እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?»

«እስከዚያ የሚታወቅ መላ አለ። የዛሬውን መርፌ ይተውት። ዛሬውኑ ወደ ሐኪምዎ ሄደው ከትእዛዙ በላይ መወጋትዎን ሳይደብቁ ይንገሩት። ጆሮዎን በመሣሪያ ይለኩልዎት፤ ኩላሊትዎንም ይዩልዎት። ቁስሉ መድኃኒት ካስፈለገው ሌላ ዓይነት ሊኖር ይችላል፤ እሱን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። አሁን መድኃኒቱ ጆሮዎ ውስጥ ስላለ ደግሞ ከብረት መፍጫውና ከመዶሻው ጩኸት ይራቁ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳል። አንድ ሌላም ነገር አለ። በእናትዎ ወገን ከመርፌ በኋላ የደነቆረ ዘመድ አለ? አንዳንዱ ቤተሰብ ከእናት የሚወርድ ነገር ይኖረዋል፤ በትንሽ መድኃኒትም ጆሮው ይጠፋል።»

«የለም። አጎቴ ብቻ ናቸው ደንቆሮ የነበሩት፤ እሳቸውን ደግሞ መብረቅ ነው የመታቸው። ሰባት ዛፍ ሰንጥቆ ነው እሳቸው ላይ የደረሰው።»

ባለቤቱ በረዥሙ ተነፈሰች። «መብረቁን ያመጣኸው አንተ ነህ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የምትለው ሌላ ነው። ወንድሟ የሳንባ መርፌ ወስዶ ከዳነ በኋላ ነው ጆሮው የጠፋው።»

«የድሮው የሳንባ መርፌ የዚሁ መድኃኒት ዘመድ ነው» አለች ልጅቷ። አያችሁ፣ ወሬን ማሳመር ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰባት ዛፍ የሰነጠቀ መብረቅ እውነተኛውን መርፌ ይህን ያህል ዘመን ሸፍኖት ነበር። ጋሽ ራዳር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ታሪክ አሳጥሮ፣ «እውነቷን ነው» አለ።

ጋሽ መርፌ ሳህኑን አንስቶ፣ ነጩን ጨርቅ ገልጦ፣ መድኃኒቱን አስወግዶ መርፌውን አሮጌ ጣሳ ውስጥ ጣለው። «እኔ ቁስሉን ነበር የማየው» አለ። «እጄ እስካልከበደ ድረስ የበደልኩ አይመስለኝም ነበር። ከእንግዲህ የሐኪም ትእዛዝ ያላለቀበት ወረቀት ካላሳዩኝ ንጉሥም ቢመጣ አልወጋ።»

ጋሽ ራዳር ቺንጋውን ለውጦ ልጅቷን ሸኛት። ከዚያ ቱታውን አውልቆ ከባለቤቱ ጋር ሐኪም ቤት ሄደ።

የጆሮ ምርመራው የሚደረገው ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ማዳመጫ ያጠልቁልህና ድምፅ ሲሰማህ ቁልፍ ትጫናለህ። ጋሽ ራዳር ፈተና መሆኑን ሲያውቅ አመሉ ተነሳበት፤ በላይ በላዩ ይጫን ጀመር። መርማሪዋ በሩን ከፍታ፣ «አባቴ፣ ገና ምንም ድምፅ አልላክሁም» ስትለው ብቻ ነው እጁን የሰበሰበው። በሁለተኛው ዙር የሰማውን ብቻ ተናገረ። ውጤቱ ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሄደዋል፤ እነሱ አይመለሱም። የሰው ንግግር የሚሰማበት ግን በሙሉ አለ። «መርፌውን ቀጥለው ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ እሱ ነበር» አለው ሐኪሙ። የአጎቱንም ነገር ማኅደሩ ላይ ጽፎ፣ ለእህቶቹ እንዲነግር አዘዘው፤ ከእህቶቹ ልጆች አንዷ ብትታመም ሐኪሟ ቀድሞ ይወቅ ብሎ።

እግሩስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሐኪሙ ቁስሉን አደንዝዞ ሲከፍተው፣ ከውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል የማርሚታ ዝገት ወጣች። ቁስሉ አልገጥም ያለው በእሷ ምክንያት ነበር። ጋሽ ራዳር ጀንታማይሲን በባልዲ ቢወጋ እሷን አያወጣትም፤ መድኃኒት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አይለቅምም። ቁስሉ ተጠርጎ ጥቂት እንክብል ታዘዘለትና፣ ሳይዘገይ ገጠመ።

እንግዲህ ትምህርቱን መዘርዘር ለእኔ አይገባም፤ ጋሽ ራዳር ራሱ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ይዘረዝረዋል። ብርቱ መድኃኒት በትእዛዙ ልክ ሲወሰድ ሕይወት ያተርፋል፤ ከትእዛዙ ሲያልፍ ያተረፈውን ሰው ጎዶሎ ያደርገዋል። «ተመለስ» የተባለ ሰው ይመለስ፤ ሐኪሙ ናፍቆት አይደለም። የቤተሰብህን ሕመም እወቅ፤ ሳታሳምር እወቅ። በዚያ ሰፈር አሁን ሰው መርፌ ሲታዘዝለት «ጆሮዬንስ?» ብሎ መጠየቅ ለምዷል፤ ሐኪሞቹም በጥያቄው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም። ጊኒ ፒጎቹ ግን በጋሽ ራዳር ወሬ ውስጥ በየጊዜው እያደጉ፣ ሰሞኑን ስሰማ ጥጃ አክለዋል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመራማሪዋ ነጯን መኪና ነድታ መጣች። ጥናቱ እየሄደ ነው አለች፤ ዝግ ብሎ፣ ግን እየሄደ። መኪናዋ ደህና ናት፤ እግረ መንገዷን እንዲያያት ነው። ጋሽ ራዳር ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቢቴውን አነሳ፤ ጉምጉምታውንና ምቱን አዳመጠ። ከዚያ ካቻቢቴውን ዝቅ አድርጎ፣ ቺንጋውን በዓይኑ አየ፣ በጣቱ ተጫነው። አሁንም አልበቃውም። ወደ ባለቤቱ ሱቅ በር ዞረ።

«አንቺ» አለ ባለቤቱን፣ «ነይ እስቲ አድምጪልኝ። ታፏጫለች?»

ባለቤቱ መጥታ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጣለች። ኮራ ብላ፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው ዓይኗን ጨፍና፣ አቆየችው።

«አታፏጭም» አለች።

«እንግዲያው አታፏጭም» አለ ጋሽ ራዳር፣ ኮፈኑንም ዘጋው።